ሦስተኛው ዲናሞ

መኪና አንድ ጊዜ ዲናሞ ቢያቃጥል ማንም ባለቤቱን አይወቅስም። ዕቃ ነው፤ ዕቃ ያልቃል። ሁለተኛው ሲቃጠል «ያገለገለ ሸጠውልህ ነው፣ አሞኝተውሃል» ይባላል። ሦስተኛው ሲቃጠልስ? ያን ጊዜ ባለመኪናውም፣ መካኒኩም፣ ሾፌሩም አንድ ነገር ያውቃሉ፦ ጥፋቱ የዲናሞው አይደለም። ሌላ ቦታ የተደበቀ ነገር ዲናሞ እየበላ ነው። ይህን እያወቁ አራተኛውን ማሰር ምን ይባላል? ድህነት ነው? ስንፍና ነው? ወይስ በደል?

«ይቺ ደግሞ ፍልስፍና ሆና ነው?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ስለ ነጻ ፈቃድ ሲጻፍ ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው ስለ ዲናሞ ሲጻፍ ይስቃል። ይሳቅ። እኛ ግን ነጻ ፈቃድ የሚሉት ነገር ጋራዥ በር ላይ ካልተገኘ ሌላ የት እንደሚገኝ አይገባንም።

ነገሩን ደጀን ላይ አቁመን እንየው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣው መንገድ ጎሐ ጽዮን ላይ ደጋውን ይለቅና ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን ላይ ይወጣል። ሁሉም ተደምሮ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ መኪናው ከ1,200 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ መልሶ ይቧጥጣል። ደጀን ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ የተሠራው ድልድይ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ድልድይ በላዩ የሚያልፈውን ነገር አይመረምርም።

አሁን ዕቃውን እንወቀው። መጽሐፍ ኦልተርኔተር የሚለውን የእኛ አገር መካኒክ ዲናሞ ይለዋል፤ እኛም እንደ እሱ እንበል። በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይዞራል። የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው፤ ዲዮዶች ቀጥተኛ ያደርጉታል፤ ሬጉላተሩ ደግሞ በ12 ቮልት መኪና ላይ 14 ቮልት ገደማ እንዲሆን ይገታዋል። ሥራው ባትሪውን ሞልቶ ማቆየት ነው እንጂ የሞተ ባትሪ ማስነሣት አይደለም። የደከመ ባትሪ ሲያሸክሙት ቀኑን ሙሉ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ይግላል። የባትሪው ሞርሴቶ ሲላላ፣ ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው የመሬት ሽቦ ሲዝግ፣ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ ኩሽኔታውን ሲበላ፣ ዘይት ከላይ ሲንጠባጠብበት፣ ይሞታል። አስተውሉ፤ ከነዚህ ሁሉ አንዱም የዲናሞው የራሱ ጥፋት አይደለም።

እንግሊዝ አገር ኤም ጂ ቢ የምትባል ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1962 ስትወጣ የድሮውን ዓይነት ጄኔሬተር ይዛ ነበር፤ በ1967 መጨረሻ ገደማ ኦልተርኔተር ገባላት፣ ከቦዲው ጋር የሚታሰረውም የባትሪ ጫፍ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ተለወጠ። በአሮጌዋ የለመደ እጅ የአዲሲቱን ባትሪ ገልብጦ ቢያስር ዲዮዶቹ እዚያው ይቃጠላሉ። የኤሌክትሪክ ዕቃዋ የሉካስ ኩባንያ ነው። አፍቃሪዎቿ መብራቷ በጠፋ ቁጥር የኩባንያውን መሥራች ጆሴፍ ሉካስን «የጨለማው ልዑል» እያሉ ይቀልዱበታል። ሰውዬው በ1902 የሞተ ስለሆነ ስለ ኤም ጂ ቢ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ቀልዱ ግን ለምን ይቻላል? መኪናዋ የእሑድ መዝናኛ ስለሆነች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ስላላት፣ በዚያም ላይ ቤንዚን ስለሆነች። ዲናሞው ሲሞት ባትሪው እስኪያልቅ ትሄድና ካንዴላዎቹ እሳት ያጣሉ፤ ትቆማለች። ባለቤቷ ወርዶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታማኝ መኪና ናት ማለት ይቻላል፤ መታመሟን አትደብቅም።

የአባይን በረሃ የሚያቋርጠው አሮጌ ናፍጣ እንደዚህ አይደለም። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ በመጨመቅ ነው የሚነደው። ስለዚህ ብዙው የድሮ ናፍጣ አንዴ ከተነሣ ዲናሞው ሞቶም ይሄዳል። ሞተሪኖው እንዳያስቸግር ሾፌሩ ማታ ቁልቁለት ፈልጎ ያቆማል፤ ጠዋት አንከባሎ በማርሽ ያስነሣል፤ ኑሮ ይቀጥላል። ጨለማ እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ደኅና ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከቶዮታና ከኢሱዙ የድሮ ናፍጣ ሞተሮች በብዙዎቹ ላይ ከዲናሞው ጀርባ አንዲት ትንሽ ፖምፓ ታዝላለች። ሥራዋ አየር መሳብ ነው፤ በዚያ ኃይል ነው ሰርቮው የፍሬኑን ፔዳል ለሾፌሩ እግር የሚያቀለው። ቺንጋው ከተበጠሰ ባትሪው ብቻ አይደለም የሚደክመው፤ ሰርቮው ውስጥ የቀረው ለጥቂት ርግጫ ያህል ያገለግልና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ደግሞም ይቺ ፖምፓ የምትለሰልሰው በሞተር ዘይት ነው። የመሐሏ ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ሆድ ይሰርጋል፣ ካርቦኖቹን ያጨማልቃል፣ ዲናሞው ይሞታል። ይቀየራል። ዘይቱ ግን እዚያው ነው፤ አዲሱንም ይበላል። ሦስተኛው ዲናሞ የሞተው እንዲህ ከሆነ የሚናገረው ስለ መብራት አይደለም፤ ለፍሬን የምታገለግለው ፖምፓ ማርጀቷን ነው።

ጋራዥ በር ላይ የቆመ ሰው ይህን የመሰለ ንግግር ሳይሰማ አይቀርም። ረዳቱ ልጅ ዲናሞውን ፈትቶ ጣቱን ያያል። «ጋሼ፣ ዘይት አለበት እኮ»። «አንተ የተባልከውን ፍታ!» ልጁ ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም ብለውት ነው ያደገው።

ዊልያም ክሊፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር ባሳተመው ድርሰት ውስጥ አንድ ባለመርከብ አለ። መርከቡ አሮጌ ናት፣ ብዙ ጊዜ ተጠግናለች፤ ስደተኞች ጭና ልትሄድ ነው። ሰውዬው ይጠራጠራል። ቢያስመረምራት ወጪ ነው። ስለዚህ «ስንት ማዕበል አልፋ የለ እንዴ፣ ፈጣሪም አለ» እያለ ጥርጣሬውን አፍኖ፣ ከልቡ አምኖ ይሸኛታል። መርከቧ ትሰጥማለች፤ እሱም የኢንሹራንሱን ገንዘብ ይቀበላል። ክሊፎርድ ይህ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል፤ ማመኑ እውነተኛ ቢሆንም የማመን መብት አልነበረውም። ከዚያ የሚከብደው ይመጣል፦ መርከቧ በሰላም ብትደርስስ? ጥፋቱ ቅንጣት አይቀንስም፤ ሳይታወቅበት ቀረ እንጂ። ይህን የጻፈው ሰው ራሱ በ1870 የፀሐይ ግርዶሽ ሊያጠና ሲሄድ ሲሲሊ ጠረፍ ላይ መርከብ ተሰብሮበት የተረፈ ነው።

ስለዚህ አራተኛውን ዲናሞ አሳስሮ አባይን በሰላም የተሻገረ ሰው «ይኸው ደረስን አይደል?» ሲል፣ መድረሱ መልስ አይሆንም።

ይሁንና ክሊፎርድ የእኛን ጋራዥ አያውቀውም። የእሱ ባለመርከብ ሀብታም ነው። የእኛ ባለመኪና ደግሞ በዕዳ የገዛ፣ መኪናው አንድ ቀን ከቆመ ልጆቹ የሚቸገሩበት ሊሆን ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አሮጌው ይጠገናል፣ እንደገና ይጠገናል፤ ይህ የማንም ስንፍና አይደለም።

ከዚህም የባሰ የሒሳብ ጣጣ አለ። መካኒክ የሚከፈለው ለቀየረው ዕቃ ነው፤ ለፈለገበት ሰዓት የሚከፍል የለም። ቴስተር ይዞ ሽቦ ለሽቦ ሲሄድ ግማሽ ቀን ቢያጠፋና በመጨረሻ የላላ የመሬት ሽቦ ቢያገኝ «ብሎን ለማጥበቅ ነው ይህን ያህል የምትጠይቀኝ?» ይባላል። ዲናሞ ቢቀይር ግን ያለ ንዝንዝ ይከፈላል፤ ዕቃው ይታያላ! ማወቅ አይታይም። በእኛ ገበያ ማወቅ ዋጋ ስለሌለው መካኒኩ ያወቀውን ይዞ ዝም ማለት ይቀለዋል። እዚህ ላይ መካኒኩን ብቻ ለመኮነን ብዕራችን እምቢ ይላል። ለሚበላሸው የሚከፍል፣ ለሚያውቀው የማይከፍል ደንበኛ ዝምታውን አብሮ ገዝቶታል።

ድህነት ግን የማይሸፍነው ነገር አለ። በብዙ የድሮ አሠራር ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት ወሬ ነጋሪ ብቻ አይደለችም። ዲናሞው ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያነቃው ጥቂት ኮረንቲ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። «ዓይኔን ወጋችኝ» ብሎ አምፖሏን የነቀለ ሰው ዲናሞው መቼም ላይነቃ ይችላል። በእንዲህ ያለው መኪና ክፉ ወሬ የምትነግረውን ማስወገድ ክፉውን ነገር ራሱን መሥራት ነው። ሰውዬውም ሲጠየቅ «መብራት አላየሁም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አላየም። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰክሮ ያጠፋ ሰው እጥፍ የሚቀጣበትን ሕግ ያነሣል፤ አለመስከር በእጁ ነበረና፣ አለማወቁን ያመጣው ራሱ ነውና። አምፖል መንቀል ገንዘብ አያተርፍም። ሰላም ነው የሚያተርፈው፤ የዚህን ዓይነቱን ሰላም ወጪ የሚከፍለው ደግሞ ከኋላ የተቀመጠው ነው።

ከኋላ ማን አለ? ደብረ ማርቆስ ለፈተና የሚሄድ ተማሪ አለ፤ ልጅ ያዘለች እናት አለች፤ ቅቤዋን በቅል አንጠልጥላ የተሳፈረች አሮጊት አለች። ዲናሞው ስንተኛው እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ኤም ጂ ቢ የሚነዳው ሰው አደጋውን ራሱ መርጧል፤ እነዚህ የመረጡት ወንበር ብቻ ነው። ለሾፌሩና ለባለመኪናው የምናዝነው ሐዘን እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ያን ሐዘን እነሱ ሳያውቁ በነፍሳቸው ልንከፍልላቸው አንችልም።

«ገንዘብ የለኝም» ለሚለው ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። ከደጀን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሜዳ ላይ ይቁም፤ በእጅ ፍሬን ይያዝ። ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይርገጥ። እግሩን ሳያነሣ ሞተሩን ያስነሣ። ፔዳሉ ከእግሩ በታች ጥቂት ወደ ውስጥ ከሰመጠ ሰርቮው ይረዳዋል። ካልሰመጠ አይረዳውም። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪም ቢሆን «እስቲ ሞክራት፣ ጋሼ» ማለት ይችላል።