ስለ ታጎረች ዶሮ ውሎ

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ፣ ነገር ቆፋሪ የሚጎዳው ራሱን መሆኑን ለማስተማር የተነገረ ነው። ተራቹ ዶሮን ያነሣት ሰውን ሊመክርባት እንጂ ስለ እርስዋ ሊናገር አይደለም፤ ቢሆንም ሳያስበው አንድ እውነት ነግሮናል፤ ይኸውም ዶሮ ከመጫር የማትመለስ ፍጥረት መሆንዋን ነው። እንግዲህ ይህችን ፍጥረት ከሽቦ ቤት አግብተን፣ እህሏንና ውሃዋን በፊቷ አቅርበን፣ መጫሩን ብናስቀርባት ከድካም አሳረፍናት ማለት ነውን? ወይስ የራስዋ የሆነውን ነገር ወሰድንባት? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው።

በገጠር ያለች ዶሮ ጎሕ ሲቀድ ከቆጧ ትወርድና አውድማውን፣ የከብቱን በረትና የጎመኑን መደብ ስትጭር ትውላለች፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅም በገዛ እግሯ ወደ ቆጧ ትመለሳለች። ኑሮዋ የተድላ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ያድኗታል፤ ፈንግል የገባ እንደ ሆነም መንደሩን ያለ ዶሮ ያስቀረዋል። በከተማ ግን ግቢው ጠባብ፣ ጎረቤቱም ቅርብ ስለ ሆነ፣ ታጉራ መኖር ግድ ሆኖባታል። በተለይም በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ፣ በጓሮ ጥቂት እንቁላል ጣዮችን ማርባት በብዙ ቤት የሚታይ ሆኗል። ልጆች እንቁላል ማግኘታቸው ደግ ነገር ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ማርባት ይገባል ወይስ አይገባም ብለን ሳይሆን፣ ያጎረ ሰው ለታጎረችው ምን ዕዳ አለበት ብለን ነው።

እኛም ስድስት ዶሮዎችን አጉረን ነበር። መኖው የተመጠነ፣ ውሃው የጠራ፣ ክትባቱም በጊዜው የተሰጠ ስለ ነበረ፣ የሚጎድላቸው ያለ አልመሰለንም። በሦስተኛው ወር ግን አንዲቱ የሌላዪቱን ላባ ትነቅል ጀመር፤ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሁለቱ ጀርባ ተገልጦ ቆዳቸው ደማ። አንድ ወዳጃችን «መንቁራቸውን አስቆርጣችሁ ተገላገሉ» አለን። ይህንኑ ልናደርግ ስንሰናዳ፣ ከገጠር መጥተው ከእኛ ዘንድ የሚኖሩት አረጋዊት እናታችን ወደ ሽቦው ቀርበው ተመለከቱና፣ «ልጆቼ፣ እነዚህ ጠግበው ያድራሉ እንጂ ውለው አያውቁም፤ የሚውሉበት ስጧቸው» አሉን። ከዚያም አንድ ማዳበሪያ ጭድ አስመጥተው ከወለሉ ላይ አስነጠፉና፣ አንድ እፍኝ ስንዴ በውስጡ በተኑበት። ዶሮዎቹም እስኪመሽ ድረስ ሲጭሩ ዋሉ።

እናታችን በአንድ ቃል የተናገሩትን ሊቃውንት በብዙ ድካም መርምረው ደርሰውበታል። የቤት ዶሮ የተገኘችው በእስያ ደን ከሚኖረው ቀይ የጫካ ዶሮ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ማርያን ዶውኪንስ የተባሉት እንግሊዛዊት ምሁር ባወጡት ጥናት፣ የዚህ ዘር ዶሮዎች ቀለብ እየተሰጣቸው እንኳ ከታዩባቸው ደቂቃዎች ከግማሽ በሚበልጡት መሬት ሲለቅሙ ተገኝተዋል። ከዚያም በፊት በ1972 ዓ.ም. ኢያን ደንከንና ባሪ ሂዩዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ዶሮዎች ምግብ በነጻ ቀርቦላቸው ሳለ፣ ያንኑ ምግብ በመንቁራቸው ሠርተው ለማግኘት እንደሚደክሙ አሳይተዋል። ከዚህ የምንረዳው ለዶሮ ፍለጋው ራሱ ከሆዷ የተለየ ፍላጎት መሆኑን ነው። መሬት ያጣ መንቁርም ሥራ አይፈታም፤ ወደ ባልንጀራዋ ላባ ይዞራል። እኛ ክፋት ብለን መንቁር ልናስቆርጥበት የተነሣንበት ነገር የሥራ እጦት ነበረ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የተደረገው ሁሉ ወጪ የሌለው ነው። ጥቅል ጎመን በሲባጎ አስረን፣ ዶሮዪቱ አንገቷን አንሥታ እንድትደርስበት አድርገን ሰቀልን፤ ሲነኩት ስለሚወዛወዝ ተራ በተራ ሲያሳድዱት ይውላሉ። በባዶ ሃይላንድ ላይ የበቆሎ ፍሬ የሚያሾልክ ቀዳዳ አበጅተን ጥቂት እህል ከተትንበት፤ እያንከባለሉ አንድ አንድ ፍሬ ያወጡበታል። አሸዋና የምድጃ አመድ በሰፊ ሣጥን አድርገን አስቀመጥን፤ ዶሮ በአፈር ካልታጠበች ንጹሕ አትሆንምና፣ አፈር ያጣች እንደ ሆነ በባዶ ሽቦ ላይ እንኳ እንደ መታጠብ ስትንከባለል ትታያለች። የታረመ አረምና የቆስጣ ቅጠልም ከነአፈሩ እንሰጣቸዋለን። ጥንቃቄም ያስፈልጋል፤ የላላ ክር ተውጦ ይገድላል፤ ሽንኩርት፣ የአቮካዶ ልጣጭና የሻገተ እህል ይጎዳቸዋል፤ ጭዱም ሲረጥብ መለወጥ አለበት፤ እንዲህ ያለውም ተጨማሪ ምግብ ከዕለት ቀለባቸው ከአሥር አንድ እጅ ባይበልጥ መልካም ነው። የአምስቱ ጠባይ ተሻሻለ፤ የደሙትም ላባ አበቀሉ። አንዲቱ ግን እስከ መጨረሻው ልማዷን አልተወችም፤ ዘግይተን የሰጠነው ነገር የወሰድነውን ሁሉ አይመልስም።

አንዳንድ ሰዎች፣ «የሰው ልጅ ቁራሽ ባጣበት ዘመን ለዶሮ መጫወቻ ማበጀት ቅብጠት ነው» ይሉ ይሆናል። ይህ ቃል የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጭድና አመድ ከማንም ሕፃን አፍ የተነጠቁ አይደሉም። ይልቁንም ዕዳው ከዚህ የጠለቀ ነው። የምትዞር ዶሮ ቀኗን ራስዋ ታበጃለች፤ ደጁን የዘጋባት ሰው ግን የቀኗን ነገር በገዛ እጁ ተቀብሏል። ያሰረ ይቀልባል የተባለው ስለ ሆድ ብቻ ከሆነ ግማሹ ቀርቷል።

ሌሎችም፣ «ለዓውደ ዓመት አሥራ ሁለት ብልት ሆና ከድስት የምትገባ ዶሮ ውሎዋ ቢያምር ባያምር ምን ይጠቅማታል?» ይላሉ። ዶሮን አርዶ መብላት ይገባል አይገባም የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው፤ በዚህ ስፍራ አንፈርድበትም። ነገር ግን መታረዷ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ መኖርዋ የብዙ ቀን ነው። የመጨረሻው ቀን የፊተኞቹን ሁሉ ከንቱ የሚያደርጋቸው ቢሆን ኖሮ፣ ሟች የሆነው የሰው ልጅም ስለ ቀኑ ባልተጨነቀ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። የተሰቀለው ጎመን ለዶሮዪቱ ነው ወይስ ለእኛ ኅሊና? በብሪታንያ በ1965 ዓ.ም. የብራምቤል ኮሚቴ ስለ ታጎሩ እንስሳት ባቀረበው ዘገባ፣ እንስሳ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ራሱን ማጽዳትና እጅ እግሩን መዘርጋት እንዲችል አሳስቧል። ይኸው ኮሚቴ ቀጭኑ የሽቦ ወለል ለዶሮ እግር አይመችም ብሎ ወፍራሙን መከረ፤ በ1973 ዓ.ም. ግን ዶሮዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡ ቢደረግ ቀጭኑን መረጡ። በበጎ ሐሳብም ቢሆን በራስ እግር ለሌላው መፍረድ እንዲህ ያሳስታል። የአውሮፓ ኅብረትም በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባዶውን የሽቦ ሣጥን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሎ፣ በሣጥን ለምትኖር ዶሮ ጎጆ፣ ቆጥና የምትጭርበት ነገር እንዲኖራት አዘዘ፤ ስፋቱን ግን ለአንዲቱ ከ750 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ብሎ ወሰነ፤ ይህም ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ገጽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚህ ስፍራ ላይ መጫወቻ መስቀል ዕዳውን መክፈል ነው ብለን አናምንም። ስለዚህ መጫወቻ የቦታ ምትክ ሊሆን አይገባውም፤ ዶሮዪቱ ያልነካችውም መጫወቻ የእኛ እንጂ የእርስዋ አይደለም።

ይህን ስንጽፍ የእናታችን ቃል ተመልሶ ይመጣብናል። ከገጠር ያመጣናቸው ልናሳርፋቸው ነበር። ጭልፋ ቢያነሡ «ይተዉት»፣ መጥረጊያ ቢይዙ «ይረፉ እንጂ» እያልን፣ ከመልካም ወንበር አስቀምጠን በጊዜው እንመግባቸው ነበር። «ጠግበው ያድራሉ እንጂ ውለው አያውቁም» ያሉት ስለ ዶሮዎቹ ብቻ መስሎን ሰነበትን። በኋላ ግን በየማለዳው እህሉን በጭድ የመበተኑን ሥራ ማንም እንዳይነካባቸው ሲከላከሉ ባየን ጊዜ ቃሉ ለማን እንደ ተነገረ ገባን፤ አፈርንም።

እንግዲህ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር፣ ተማሪ የሚያስተምር፣ ሰውም ሆነ እንስሳ በእጁ ያለ ሁሉ፣ ማታ በሩን ሲዘጋ በልተዋልን? ብሎ መጠየቁ መልካም ነው። ጥያቄው የሚሞላው ግን፣ ዛሬ ምን ሲሠሩ ዋሉ? ብሎ የጨመረበት እንደ ሆነ ነው።