ዕቃ ያልተዉ ሰዎች

ሐሙስ ሐሙስ ከጊንጆ ጉዱሩ ተነሥቼ ወደ ሂርማታ ገበያ ስሄድ አንድ ሐሳብ ይመላለስብኛል። የዚህን የአንዱን መንገድ ታሪክ ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ኤግዚቢሽን አዘጋጁ ብንባል ምን ምን እናስቀምጥበት ነበር?

ዕቃ አናጣም። ጅማ ሙዚየም የዳግማዊ አባ ጅፋርን መገልገያዎች ጠብቆ አቆይቶልናል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው የጅማ በርጩማ አለ፤ ጀበናው፣ ሲኒው፣ የቡና ጆንያው አለ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀሩ ቤቶች ፎቶግራፍም ይጨመርበታል። ጎብኚው አይቶ፣ አድንቆ፣ ኮርቶ ይወጣል።

ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ሂርማታ ይጎርፍ የነበረው ነጋዴ ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጋር ሰውም ይገዛ ነበር። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ሕፃኑም ወደዚህ ገበያ ተነድቷል። እነዚያ ሰዎች በርጩማ አልተዉልንም፤ ሲኒም አልተዉልንም። ራሳቸው እንደ ዕቃ ተቆጥረው ነበርና። ታዲያ ዕቃ ያልተወ ሰው ታሪክ የለውም ማለት ነው?

ይህን ለአንድ አዛውንት ጎረቤቴ በቡና ላይ ባነሣላቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ የተኛን ነገር ለምን ትቀሰቅሳለህ? የማንን አያት ማን እንደ ሸጠ ስትዘረዝር፣ ያልተሸጠውን የልጅ ልጅ አንተ ልትሸጠው ነው?» አሉኝ።

ነገራቸው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንላለን። በዚህ ጉዳይ ግን ተረቱ ተገልብጧል። የወጋው ልጅ በአያቱ ሀብት ሲኮራ፣ የተወጋው ልጅ ዘሩ እንዳይታወቅበት ይደበቃል። ኀፍረቱ ያለ ባለቤቱ ተቀምጧል።

አዋጅም ይህን አላቃናውም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት የባሪያ ንግድን የሚመለከት አዋጅ አወጣች፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነትን በሕግ ሻረች። ሕግ ሰውየውን ከጌታው ነፃ ያወጣዋል። ልጁን ከሐሜት ነፃ ማውጣት ግን የእኛ የጎረቤቶቹ ሥራ ነው።

ሁሉንም በአባ ጅፋር ላይ መጫንም ፍትሕ አይሆንም። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጥፋት ያዳኑ ብልህ ንጉሥ ነበሩ። በሰው ንግድ የተጠቀሙትም እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ በየአገሩ ብዙ መኳንንት ነበሩ። ብልህነታቸውም እውነት ነው፤ ገበያውም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

እንግዲህ ለአዛውንቱ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የቤተሰብ ስም አይነሣ፤ የሸጠውም የተሸጠውም ዘር አይቆጠር። የቦታው ስምና የተፈጸመው ነገር ግን ይጻፍ። ከበርጩማው አጠገብ «በዚህ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ያን ያነበበ ልጅ፣ የማንንም ዘር ሳይጠይቅ፣ የሚያሳፍረው መሸጥ እንጂ መሸጥ የደረሰበት ሰው እንዳልሆነ ይረዳል።