ልክ ነዎት፣ መምህር

እስቲ አንድ ልጅ በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። ዕድሜው አሥራ አምስት፣ አገሩ ቻይና። እናትና አባቱ ሩቅ ከተማ ሄደው ፋብሪካ ይሠራሉ፤ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። አንድ ቀን የክፍሉ ልጅ ትኩር ብሎ አየው። «ናቀኝ» አለ በልቡ። ከዚያ ቡጢ፣ ከቡጢው ጩቤ፣ ከጩቤው ፖሊስ።

እንዲህ ያለውን ልጅ ምን እናድርገው? ቻይናዎች በዚህ መከራከር ከጀመሩ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሜንሲየስ የሰው ተፈጥሮ በጎ ነው፣ ክፋት የሚመጣው በጎው ሳይኮተኮት ሲቀር ነው አለ። ሹንዚ ደግሞ የለም፣ ተፈጥሯችን ጠማማ ነው፣ የሚያቀናው ትምህርትና ሥርዓት ነው ሲል ሞገተ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ1984 በሻንጋይ፣ ቻንግኒንግ ወረዳ የአገሪቱ የመጀመሪያው የወጣት ጥፋተኞች ችሎት ሲቋቋም ሜንሲየስ የረታ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ወዲህ ግን ነፍስ በማጥፋትና በመሰሉት እጅግ ከባድ ወንጀሎች የ12 ዓመት ልጅም፣ የበላዩ ዐቃቤ ሕግ ከፈቀደ፣ ሊከሰስ ይችላል።

በእስርና በቁጣ መካከል ሌላ መንገድ አለ የሚሉ ባለሙያዎች «የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና» የሚባለውን ያቀርባሉ። በ1960ዎቹ መሠረቱን ከጣሉት አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ ነው። ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ሰውን የሚገፋው የደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን ለነገሩ የሰጠው ትርጉም ነው። ያ ልጅ በእርግጥ ንቆሃል? ማስረጃህ ምንድን ነው? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በማየትና በመምታት መካከል ያለችውን ቅጽበት ልጁ እንዲያገኛትና እዚያች ላይ ቆም ብሎ እንዲጠይቅ ያለማምዱታል።

ጥሩ። ነገር ግን ይህ ሕክምና ሐኪምና ታካሚ እንደ ባልንጀራ ተቀምጠው እንዲመረምሩ ይፈልጋል። ለቻይናዊው ልጅ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው መምህር ነው፤ መምህርን ደግሞ አይሞግቱም። ሌላም አለ። ቻይናዎች «ሚየንዝ» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ፊት» ማለት ነው። የኛ ይሉኝታ ጎረቤቱ ነው፤ ሚየንዝ ግን እንደ ንብረት ይሰጣል፣ ይነጠቃል፣ የቤተሰብ ሁሉ ነው። ልጁን በሰው ፊት «አባትህ ይመታህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የአባቱን ፊት እንዲያፈርስ ማዘዝ ነው።

ስለዚህ ሕክምናውን ከባህሉ ጋር ማስማማት ግድ ይላል። ቻንግሻ ከተማ ዣንግ ያሊንና ባልደረቦቹ በጭንቀት ለሚሠቃዩ አዋቂዎች ከታኦ ትምህርት በ32 የቻይና ፊደላት የተጠቀለለ ምክር አዘጋጅተው ይህንኑ ሞክረዋል። ለወጣቱም በተረት መጀመር፣ ስለ ራሱ ከመናገሩ በፊት ስለ ሌላ ልጅ ማናገር፣ ወላጆቹን መጥራት ይቻላል።

የኔ ፍርሃት ከዚህ በኋላ ነው። ባህል ሲገባ ማን ይዞት ይገባል? ማስማማት ማለት «አባትህን ስማ፣ መምህርህን አክብር» ብቻ ከሆነ፣ ጥያቄውን አውጥተን ጥለን መልሱን ብቻ አስቀረን ማለት ነው። ቻይና ይህን ቀምሳዋለች። በ1950ዎቹ ምሁራን «በአስተሳሰብ ተሐድሶ» ስም የገዛ ስሕተታቸውን እንዲጽፉ ተደርገዋል። በግዳጅ የተጻፈ ኑዛዜ ስለ ጸሐፊው ልብ ምን ይነግረናል? በማረሚያ ያለው ልጅም የሚፈታበት ቀን በመምህሩ ሪፖርት ላይ እንደተንጠለጠለ ከገባው «ልክ ነዎት፣ መምህር» ይላል። ብዙ ዘመን ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይህቺን «ልክ ነዎት» አውቃታለሁ። ከአንገት በላይ ናት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።

«ጩቤ የመዘዘ ልጅ ምን የመጠየቅ መብት አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። የተወጋው ልጅ እናት ፍልስፍና ሳይሆን ደኅንነት እንደምትፈልግ አውቃለሁ። የምከራከረውም ስለ እሷ ነው። መታዘዝን ብቻ የተማረ ልጅ ከማረሚያው በወጣ ማግስት የዱርዬዎቹን አለቃ ይታዘዛል። «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ማለትን የተማረው ግን አለቃውንም ሊጠይቅ ይችላል። ዋጋው አባቱንና መምህሩንም መጠየቁ ነው። አንዱን ፈቅደን ሌላውን መከልከል አንችልም።

ይህ የቻይናን ባህል መናድ አይደለም። ለወላጅ መታዘዝን የሚያስተምረው የኮንፊሽየስ ተከታዮች ጥንታዊ መጽሐፍ እንኳ፣ አባት ሲሳሳት ዝም የሚል ልጅ ግዴታውን አልተወጣም ይላል። መታዘዝም መሞገትም ከአንድ ጓዳ ይወጣሉ። የትኛውን ለልጁ እንደምንሰጠው የምንመርጠው እኛ ነን።

ስለዚህ ሕክምናው መሥራቱን በልጁ ጨዋነት አልለካም። አንድ ቀን ቀና ብሎ «መምህር፣ እዚህ ላይ እንኳ አልስማማም» ሲል፣ መምህሩ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ ሊያዳምጠው ከቻለ፣ ሁለቱም ትምህርቱ ገብቷቸዋል።