ያልወለደ አባት ይቆጠራል?

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ከምንም አስቀድሞ የሚጠይቀው “የማን ልጅ ነው?” ብሎ ነው። በክርስቲያኑ ቤት የሁለቱም ወገን አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት እየተጠራ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንድ ስም ከሁለቱም በኩል ከወጣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። በሙስሊሙ ቤት ቆጠራው ሌላ ነው። ሸሪዓ የአጎት ልጅ ማግባትን አይከለክልም፤ አንድ ጡት ጠብተው ያደጉ ግን ደም ባይጋሩም እንዳይጋቡ ያግዳል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ እሑድ በሰንበቴ ገበያ ተጋፍተው ይውላሉ፤ ዘር በምን ይቆጠራል ለሚለው ግን ሁሉም የየራሱን መልስ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ዘር የሚገኝ ነገር ነው ወይስ የሚሠራ? ይህን ጥያቄ ክፉኛ የሚፈትነው የኢትዮጵያ አርመኖች ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመኖችን ገዳም ጎበኙ። እዚያ በ1915 በኦቶማን ግዛት ከተጀመረው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ፤ አርባዎቹንም ወደ አገራቸው ለማምጣት ከፓትርያርኩ ጋር ተስማሙ። ልጆቹ በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አዲስ አበባ ገቡ፤ ስማቸውም “አርባ ልጆች” ሆኖ ቀረ። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም የሠራው ዜማ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ፤ በ1930 በተፈሪ የዘውድ በዓልም ተሰማ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የአዲስ አበባን ትልልቅ ኦርኬስትራዎች እየመራ ትውልድ አስተማረ።

ከእልቂቱ የተረፈ ሕፃን የትውልድ ቀኑን፣ አንዳንዴም የቤቱን ስም ሳያውቅ ነው ያደገው። የእንዲህ ያለ ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ የዘሩን ሐረግ ልከተል ቢል ሁለት ትውልድ ወጥቶ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያው መዝገብ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ስም የለም። የታሪክ ተመራማሪው ቦሪስ አጄሚያን ስለ ኢትዮጵያ አርመኖች ባደረገው ጥናት ያሳየው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የአርባ ልጆች ታሪክ የማኅበረሰቡ ሁሉ መነሻ ታሪክ ሆኖ ይተረካል፣ ቤተሰቦቻቸው ከ1924 በፊት የመጡት ሳይቀሩ ንጉሡ እንደ ልጅ የተቀበሏቸው መሆናቸውን ያወሳሉ። የጎደለው አባት ቦታ በንጉሥ ተሞላ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት የመጡት ጥቂት አልነበሩም። ወደ ሸዋ መግቢያው አንዱ መንገድ በይፋት በኩል ነበር፤ የታጁራ ሲራራ ነጋዴ የአዋሽን በረሃ አቋርጦ ፋሬ ላይ ይፋትን ይረግጥና ከዚያ በአልዩ አምባ አድርጎ ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከግቢያቸው ጋር ከነገዱት ባዕዳን መካከል ቦጎስ ማርካሪያን የተባለ አርመን ነበረበት። የአፄ ዮሐንስን መልእክት ይዞ እንግሊዝ አገር የሄደው መርጫ ወርቄም ከአርመን አባት የተወለደ ነው። የአባቱ ሙሉ ስም ወርቄ ካራፔት ነበር። ልጁ በአገሩ ወግ በአባቱ ስም ሲጠራ ካራፔት ወደቀ፤ መርጫ የወለደው ልጅ ደግሞ መርጫን ይዞ ወርቄን ይጥላል። በ“ያን” የሚጨርስ ስም እየፈለገ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው እንዲህ ያለውን ቤተሰብ አጠገቡ እያለ ያልፈዋል።

የሁለቱ ሕዝቦች ዝምድና በሃይማኖት በኩል ከዚህም ወደ ኋላ የራቀ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ ወጥተው ያረፉት በአርመን ምድር ነው፤ የደብረ ቢዘንን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ፊልጶስ ከእርሳቸው መንፈሳዊ ትውልድ ናቸው። እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላኩት አርመናዊው ማቴዎስ ደግሞ መንገድ ላይ ፖርቱጋሎች “የቱርክ ሰላይ ነህ፣ ማን መሆንህ አይታወቅም” እያሉ ካንገላቱት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመልእክተኞቻቸው ጋር ምጽዋ ደርሶ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ያረፈውም በዚያው በደብረ ቢዘን አካባቢ ነው። መነኩሴው አርመን አገር፣ አርመኑ በመነኩሴው ልጆች ገዳም። በደም አይገናኙም፤ በገዳም ሥርዓት ግን “አባት” እና “ልጅ” የሚባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው።

ይፋት ራሱ ወደ ሩቅ አገር የሚያደርስ የዘር ሐረግ ለምን እንደሚፈለግ ቀድሞ ያወቀ ምድር ነው። በአካባቢው የነበረው የሸዋ ሱልጣኔት ገዢዎች ከመካው የመኽዙም ወገን እንወለዳለን ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1285 እነርሱን ገልብጦ የይፋትን ሱልጣኔት ያጸናው ዑመር ወለስማም ሐረጉ ወደ ቁረይሽ ይቆጠርለታል። በደጋው በ1270 የነገሡት ይኩኖ አምላክ ደግሞ ከሰሎሞን ይቆጠራሉ። ሦስቱም ቤቶች ሥልጣናቸውን ያጸኑት ከባሕር ማዶ ባለ አባት ስም ነው። የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን “ወለስማ” የይፋት ቆላ ሙስሊም ገዢ ማዕረግ ሆኖ ይገኛል። የዘር ስም የነበረው የሹመት ስም ሆነ። ወለስማ የተባለው ሰው ደግሞ ግብር ያስገባል፣ የሲራራውን በር ይጠብቃል፣ እስረኛ ይይዛል።

ሃይማኖቶቹ በዚህ ጉዳይ አፋቸው አንድ አይደለም። የማቴዎስ ወንጌል የክርስቶስን ትውልድ ከአብርሃም ጀምሮ ቆጥሮ የሚያደርሰው ወደ ዮሴፍ ነው፤ ያልወለደው ግን ያሳደገው ዮሴፍ። በመካከሉም ሞዓባዊቷን ሩትን ያስገባል። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ጋር የሚሄድ ሥርዓት አላት፤ ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰው ከወላጆቹ ጋር አበልጅ ይሆናል፣ ይህም ዝምድና ልክ እንደ ሥጋ ዝምድና ጋብቻን ይከለክላል። እስልምና ከዚህ ይጠነቀቃል። ዘይድ ኢብን ሓሪሣ የነቢዩ ልጅ ተብሎ ሲጠራ ኖሮ፣ የአል-አሕዛብ ምዕራፍ ልጆች በወለዷቸው አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ሲያዝ ወደ አባቱ ስም ተመለሰ። ዘር ይሸፈን ዘንድ አይፈቀድም፤ ፍቅሩና ማሳደጉ ግን ምንዳ አለው፣ ጡቱም ዝምድና ነው። የኦሮሞ ጉዲፈቻ ደግሞ የመጣውን ልጅ ከተወለደው ሳይለይ የቤት ልጅ ያደርገዋል። በአማራውም ዘንድ ባለ ማር አውራ ጣት አጥብቶ የጡት ልጅ ማድረግ የቆየ ወግ ነው።

የዘረመል ምርመራ ይህን ክርክር አይዘጋውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪው ፓጋኒና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት በሴማዊና በኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪ ኢትዮጵያውያን ውስጥ ወደ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ የሚያስቆጥር፣ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ድብልቅ መኖሩን አሳይቷል። ምራቅ ከየት እንደመጡ ይናገራል፤ ለማን ማቅ እንደሚለብሱ አይናገርም።

ሽማግሌው ሰባት ቤት ሲቆጥር የሚፈልገው ክብር አይደለም፣ ክልከላ ነው፤ አበልጅነትም የጡት ዝምድናም የሚታወቁት በሚከለክሉትና በሚያስከፍሉት ነገር ነው። በዚህ ሚዛን “ከቁረይሽ ነኝ” ወይም “ከሰሎሞን ነኝ” ማለት፣ ግዴታ እስካላስከተለ ድረስ፣ ከአበልጅ ያነሰ ዝምድና ነው። ንጉሡና አርባዎቹ ልጆችስ? ልጆቹ የመጡት በሙዚቀኛነት ውል እንጂ በጉዲፈቻ ውል አልነበረም፤ ብዙ አርመኖችም እዚህ ተወልደው በዜግነት ጉዳይ እንደ ውጭ ሰው ሲቆጠሩ ኖረዋል። ንጉሡን አባት ያሰኛቸው ቃል ከወረቀቱ ይበልጥ ነበር። ደርግ ንብረት ከወረሰ በኋላ አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና አውሮፓ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከሺህ በላይ የነበረው ማኅበረሰብ ዛሬ ወደ መቶ ሰው ገደማ ነው።

ሕጉ የቆመው በመካከል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን በሁሉም ረገድ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጥረዋል፤ ከወለዱት ጋር ያለውን ዝምድናም አይቆርጥበትም፣ መምረጥ ግድ ሲሆን ግን አሳዳጊውን ያስቀድማል። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ተከራካሪዎች ከፈቀዱ ደግሞ የውርስ ጉዳያቸውን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያየዋል። ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ጉዳይ ይዘው ወደ ሁለት ችሎት ቢሄዱ፣ ያደገው ልጅ በአንደኛው እንደ ልጅ ይወርሳል፣ በሌላኛው ግን ከሟቹ ንብረት የሚደርሰው በኑዛዜ የተተወለት ብቻ ነው፤ ያም ከሢሶ አይበልጥም።