የምንሮጠው ለማን ነው?

ከፈጅር ሶላት በኋላ የመሮጥ ልማድ ከያዝኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከመስጊድ እንደወጣሁ ጫማዬን ቀይሬ በባሕር ዳር መንገድ በኩል ከዳንግላ ከተማ ወጣ እላለሁ። አካባቢያችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው የማለዳው ብርድ መጀመሪያ ላይ ደረት ይፈትናል። ጥቂት ቆይቶ ግን ትንፋሽ ይደላደላል፤ ምላስም ከእርምጃው ጋር ዚክር ማለት ይጀምራል።

«ጎልማሳ ሰው እንደ ልጅ መንገድ ለመንገድ ሲሮጥ ምን ይባላል?» የሚሉኝ ወዳጆች አልጠፉም። ለእነርሱ መልስ አላጣሁም። አካል ከአላህ (ሱ.ወ.) የተሰጠ አማና ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር በሩጫ መሽቀዳደማቸውን፣ አንድ ጊዜ እርሷ ሌላ ጊዜ እርሳቸው መቅደማቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ከሶሐቦችም መካከል ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ.) በሯጭነታቸው የታወቁ ነበሩ። ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቡት ሐዲስም ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ ይበልጥ ተወዳጅ መሆኑን ተምረናል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ማለዳ ማስረጃዬን ሁሉ ይዤ መልስ አጣሁ።

ዝናብ ያደረበት ጠዋት ነበር። አንዲት አሮጊት ወደ ገበያ ይዘውት የሚመጡት የማገዶ ሸክም ተፈትቶ እንጨቱ ጭቃው ላይ ተበትኗል። ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ አየሁ። አየሁና አለፍኩ። ብቆም ላቤ ይደርቃል፣ የያዝኩት ሰዓት ይበላሻል ብዬ ነው። የከፋው ደግሞ በአጠገባቸው ሳልፍ ምላሴ ላይ ዚክር መኖሩ ነው። ስመለስ እርሳቸው አልነበሩም። ያን ዕለት ከወትሮው ፈጥኜ ቤቴ ገባሁ፤ ደስታ ግን አላገኘሁበትም። ጉልበቴ አማና ነው ካልኩ፣ የአማናው ባለቤት ያን ጠዋት አልጠየቀኝም ነበርን?

ከዚያ ወዲህ እየሮጡ የተወሱልንን ሰዎች አስባለሁ። በሱረቱል ቀሰስ ከከተማይቱ ዳርቻ እየሮጠ የመጣው ሰው ሙሳን (ዐ.ሰ.) ከግድያ ሴራ ሊያስጠነቅቅ ነው የመጣው። በሱረቱ ያሲን የተጠቀሰውም እየሮጠ የደረሰው ሕዝቦቹ መልክተኞቹን እንዲከተሉ ሊመክር ነው። እናታችን ሃጀር በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ የተመላለሱት ለተጠማ ልጃቸው ውሃ ፍለጋ ነው፤ ሐጃጆች ዛሬም ፈለጋቸውን ይከተላሉ። እነዚህ ሁሉ የሮጡት ለሌላ ሰው ነው። ሙሳም (ዐ.ሰ.) መድየን ሲደርሱ ስደተኛ ነበሩ፤ ሆኖም የሁለቱን ሴቶች መንጋ አጠጡላቸው። ብርቱና ታማኝ የተባሉት ከዚህ በኋላ ነው። ብርታት ያለ ታማኝነት ብቻውን አልተወደሰም።

መፍጠን በራሱ ክብር አይደለም። ኢቃማ ሰምተን ወደ ሶላት ስንሄድ እንኳ በእርጋታ እንድንራመድ ታዝዘናል። በሩጫ ሜዳም ቢሆን በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ውድድር ምሩፅ ይፍጠር ወርቅ፣ መሐመድ ከድር ነሐስ ያገኙት፣ ቶሎሳ ቆቱም አራተኛ የወጣው ሦስቱ እየተጋገዙ ሮጠው ነው።

ከሳምንት በኋላ እኚያን እናት በዚያው መንገድ አገኘኋቸው። «እማማ፣ ሸክሙን ልቀበልዎት» አልኳቸው። «ተው ልጄ፣ ሩጫህ ይቀርብሃል» አሉኝ። ያን ጠዋት ሳልፍ አይተውኝ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። አፈርኩ። እንጨታቸውን ተሸክሜ እስከ ገበያው ዳር አብሬያቸው አዘገምኩ፤ እርሳቸውም መንገዱን ሙሉ መረቁኝ።

ውድ አንባቢ! ሩጫን አልተውኩም፤ አንተም ጤናና ጊዜ ካለህ እንድትጀምር እመክርሃለሁ። ነገር ግን ከመነሳትህ በፊት ኒያህን መርምር። በየማለዳው የምናጠራቅመው ጉልበት ሰው በጠራን ቀን የማይወጣ ከሆነ፣ ያው ነፍሳችንን ማገልገል ብቻ ይሆናል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሩጫው ትክክለኛ ፍጻሜ መቆም ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ብርታትን ከታማኝነት ጋር ይስጠን።

ወላሁ አዕለም።