ማር ማር ማለቱ ስለ ምን ነው

ንባብ፦ ቲየን ሚ ሚ።

ቲየን ጣፋጭ፣ ሚ ማር ነው፤ ሦስቱ ፊደል ሲገጥም ‹እንደ ማር የጣፈጠ› ማለት ነው። የታይዋኗ ቴሬሳ ቴንግ በ1979 (ዘመኑ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው) የዘፈነችው የማንዳሪን የፍቅር ዘፈን ስሙ ይኸው ነው። ፒተር ቻን በ1996 ለሆንግ ኮንግ ሲኒማ የሠራው ፊልምም በቻይንኛ ርእሱ ይኸው ነው።

አንድ ማር ሲበቃ ስለ ምን ደገመው ቢሉ፣ የቋንቋው ልማድ ነው፤ ቻይንኛ ሲያቆላምጥ ይደግማል። ይህ ሰሙ ነው፤ እንለፈው።

አንድም፦ ማሩ የውሰት ነው። ግጥሙ የዥዋንግ ኑ ይሁን እንጂ ዜማው የኢንዶኔዥያ ነው፤ እዚያ ታንኳ ስለ መቅዘፍ የሚዘፈን የሕዝብ ዜማ ነበር። ንብ ከሰው ማሳ ቀስማ በራሷ ቀፎ እንደምትጋግር ነው። የፊልሙ ሰዎችም በውሰት አገር ነው የሚኖሩት። በ1986 ከዋናዋ ቻይና ሆንግ ኮንግ ይገባሉ፤ እሱ (ሊዮን ላይ) ገንዘብ አጠራቅሞ እጮኛውን ሊያስመጣ፣ እሷ (ማጊ ቼንግ) ሀብታም ልትሆን። ከተማይቱም ያን ጊዜ በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ ፊልሙ ሲወጣ ለቻይና ልትመለስ ዓመት እንኳ አልቀራትም።

አንድም፦ ‹ሚ ሚ› ምሥጢር ማለት ነው። ጽሕፈቱ ሌላ ነው፤ ድምፁ ግን ከነቃናው አንድ ነው። ኅብረ ቃል የለመደ ጆሮ ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም። (ለእኛማ ሚሚ የጎረቤት ልጅ ስም ነው፤ እሱን ተዉት።) ገጣሚው ይህን አስቦታል አልልም። ፊልሙ ግን ዘፈኑን የያዘው በዚህኛው ፍቺ ነው። በምን ይታወቃል ቢሉ፣ እሱ ብስክሌት ሲነዳ እሷ ከኋላ ተቀምጣ፣ እግሯን እያወዛወዘች ይህንኑ ዘፈን ታንጎራጉራለች። የከተማው ቋንቋ ካንቶንኛ ነው፤ እሷም ካንቶንኛ ከሚነገርባት ከጓንግዡ ናትና በካንቶንኛዋ የሆንግ ኮንግ ተወላጅ መስላ ትኖራለች። የምታንጎራጉረው ግን በዋናዋ ቻይና ቋንቋ፣ በማንዳሪን ነው። አፏ የሸሸገውን ጉሮሮዋ አወጣባት።

ታሪክ፦ ለቻይናውያን ዘመን መለወጫ ገበያ ሁለቱ የቴንግን ካሴቶች ደርድረው ይቆማሉ። ገዢ ይጠፋል። ስለ ምን ቢሉ፣ ካሴቷን በአደባባይ ማንሣት ‹እኔ ከዋናዋ ቻይና የመጣሁ ነኝ› ብሎ እንደ መጮህ ነው፤ ስደተኛ ደግሞ መጤ መባልን ይሸሻል። ዕቃው በእጃቸው ሲቀር ልጅቷም ከየት እንደ መጣች ትናገራለች። የፊልሙ ፍቅር የሚጀምረው ለእኔ ከዚህ ኪሳራ ነው።

ሐተታ፦ ምሥጢርነቱ የቆየ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቤጂንግ ሹማምንት የቴንግን ዘፈኖች ‹ልብ የሚያልፈሰፍሱ› ብለው ነቀፉ፣ አገዱም፤ ሰዉ ካሴት ከካሴት እየገለበጠ አዳመጠ። የእሷና የመሪው የዴንግ ሲያዎፒንግ የቤተሰብ ስም አንድ ፊደል ነውና ቀን ትልቁን ዴንግ፣ ማታ ትንሿን ዴንግ እንሰማለን ይባባሉ ነበር።

አንድም፦ ማር ማር ማለቱ ሁለት ጊዜ ስለሚቀመስ ነው። ቴንግ ግንቦት 8 ቀን 1995 በታይላንድ ቺያንግ ማይ በ42 ዓመቷ ዐረፈች። ፊልሙ ይህን ቀን ወስዶ ኒው ዮርክ ላይ ያውለዋል። በሱቅ መስኮት የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች የሞቷን ዜና ያሰማሉ። ዓመታት የተለያዩት ሁለቱ፣ አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ፣ እዚያው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ዘወር ሲሉ ይተያያሉ። ዘፈኑ ይመጣል፤ ያው የብስክሌቱ ዘፈን ነው፣ ዘፋኟ ግን አሁን የለችም። ከዚያ ፊልሙ ወደ 1986 ይመለሳል፤ ሆንግ ኮንግ ወደሚገባው ባቡር። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ ራስ ለራስ ተደጋግፈው ተኝተዋል። አይተዋወቁም።