ያልታረመ ደብተር

ልጆቼ፣ ከደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆነ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ በቅርቡ ጠመኔ የጨበጣችሁ ሁሉ፣ ጆሮ ስጡኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች ማታ ማታ ደብተራቸውን ይዘው ይመጡብኛል። የማየው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ከመስከረም እስከ ጥር የተጻፈበትን የሂሳብ ደብተር ከዳር እስከ ዳር ገልጬ የመምህር እጅ ያረፈበት አንድ ገጽ አጣሁ። በሌላው ደብተር ላይ ራይት አለ፤ ራይት የተደረገለት መልስ ግን የተሳሳተ ነው። «ማን አረመልህ?» ብለው «የክፍል አለቃዋ» አለኝ።

ስለ እምነታችሁ ስትጠየቁ አሳምራችሁ ትመልሳላችሁ። ተማሪ ሁሉ መማር ይችላል፣ ትምህርቱ ተማሪ ተኮር ይሁን፣ ምዘናው ተከታታይ ይሁን ትላላችሁ፤ ተፈትናችሁ ያለፋችሁበት ነው። በሚኒባስ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ግን እርስ በርሳችሁ የምትሉት ሌላ ነው፦ «የዘንድሮ ልጅ አይገባውም፤ ክፍለ ጊዜህን ጨርሰህ ውጣ።» ታዲያ እምነታችሁ የትኛው ነው? እኔ የሚኒባሱን ወስጃለሁ፤ ደብተሩ መስክሮባችኋልና።

ማስረጃ ብላችሁ የ12ኛ ክፍሉን ፈተና ታነሳላችሁ። እውነት ነው፤ ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ታዲያ ይህ የልጁ ጭንቅላት ጉድለት ነው? ዛሬ ፊታችሁ የተቀመጠውን ታናሻቸውን እዩት፤ በ2012 አንደኛ ክፍል የገባው የደሴ ልጅ መጋቢት ላይ በኮሮና ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት። ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ማካፈልን ሳይጨብጥ ክፍል ተሻገረ። የቱ ጋ እንደተሰበረ የሚታየው ደብተሩ ላይ ነው፤ እሱን ካልገለጣችሁ በምን ታውቁታላችሁ?

ልጅ ሆኜ የቀራሁባቸው ሸህ ይመጡብኛል። በጥላሸት ቀለም ሎሃችን ላይ እንጽፍና ተራ በተራ ፊታቸው እንቀመጣለን። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ አንዲት ፊደል ስንስት ጣታቸው ብድግ ይላል። ያልያዘ ልጅ ሎሁን አያጥብም። ተራዬ ሲደርስ ልቤ ይመታ ነበር፤ ግን እንደ እሳቸው ሙሉ ጆሮውን የሰጠኝ ሰው ከዚያ ወዲህ ብዙ አላገኘሁም። የኔታ ዘንድ የተማሩት ጓደኞቼም ያው ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ንባባቸውን ያሰማሉ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት፣ ዳና ላይ ደረሳ ኪታብ ሊቀራ የጎረፈበት አገር ነው ወሎ። አብሽሩ፣ ባዕድ ነገር አላመጣሁባችሁም።

«ክፍሉ ስልሳና ሰባ ልጅ ነው» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ደመወዙም ወሩን አያጋምስም፤ ለዚያ የሚመለከተው አካል ይጠየቅ። ልጁ ግን ለደመወዛችሁ ማነስ ካሳ ከፋይ ሊሆን አይገባም። አማና ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ፈጣሪው ፊት የሚጠየቅበት አደራ ነው።

ሌላም ልጨምር፤ ስልካችሁን ክፍል ይዛችሁ አትግቡ። የአምናን የትምህርት ዕቅድ ቀኑን ብቻ ቀይራችሁ አታስፈርሙ። ጋዋናችሁ ይታጠብ።

አሁንም ደብተሩን እላለሁ። በቀን አንድ ረድፍ ሰብስቡ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ክፍሉ ይዳረሳል። ራይት አድርጋችሁ ብቻ አትመልሱለት፤ በስሙ ጥሩትና የሳተበትን መስመር በጣታችሁ አሳዩት። የክፍል አለቃዋንም ተዉአት፣ እሷም ልትማር ነው የመጣችው። ሰኞ ከኋለኛው ረድፍ ጀምሩ፤ ማንም ያላያቸው እዚያ ያሉት ናቸው።